እናንተም ጨምሩበት

እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ወሬው ረዘም ይላል፣ መንገዱም ከቺካጎ ተነሥቶ አላባማ ድረስ የሚወርድ ነውና አትቸኩሉብኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። የማወራው ስለ ገንዘብ ነው፤ አንድ ባለጠጋ ለድኻ ልጆች ስለ ሰጠው ገንዘብ። እናንተም እንደምታውቁት ግን ወሬውን ወሬ የሚያደርገው ማን ሰጠ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ሲሰጥ ምን አለ፣ ተቀባዩስ ምን ይዞ መጣ የሚለው ነው።

ሰውየው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ይባላል። በ1862 በኢሊኖይ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ፤ አብርሃም ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ተመርጦ እስኪሄድ ድረስ የኖረባት ከተማ ናት። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ አይሁድ ነበሩ፣ አባትየው ልብስ ሻጭ። ልጁም ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ኒውዮርክ አጎቶቹ ዘንድ ሄዶ የልብስ ንግድ ለመደ፣ ከዚያም ቺካጎ ገብቶ ሙሉ ልብስ እያሰፋ ይሸጥ ጀመር፣ ከዚያም በ1895 ሲርስ ሮበክ ከሚባል ድርጅት ጋር ሸሪክ ሆነ። ሲርስ ሮበክ በፖስታ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ገበሬው ወፍራሙን ካታሎግ እያገላበጠ ማረሻ ይመርጣል፣ ጫማ ይመርጣል፣ የልብስ ስፌት መኪና ይመርጣል፣ እንጨቱ ተለክቶና ተቆርጦ የተዘጋጀ ቤት ሳይቀር ይመርጥና ዕቃው በባቡር ይደርሰዋል። ሮዘንዋልድ በዚህ ንግድ ከበረ፣ በ1908ም የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያው በ1908 ነሐሴ ላይ፣ በተወለደባት ከተማ፣ ነጮች ግልብጥ ብለው ወጥተው የጥቁሮችን ቤትና ሱቅ አቃጠሉ፣ ሁለት ጥቁሮችንም ሰቅለው ገደሉ። የሊንከን ከተማ ናት እንግዲህ ይህቺው። ሮዘንዋልድ ደግሞ ቺካጎ ውስጥ የሚሳለምበት ምኩራብ ነበረው፤ እዚያ የሚሰብኩት ረቢ ኤሚል ሂርሽ ሀብት ያለው ሰው ግዴታም አለበት እያሉ የሚያስተምሩ፣ ባለጠጋ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አንድ ወዳጁ መጽሐፍ ያበረከተለት፤ መጽሐፉም ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስለ ገዛ ሕይወቱ የጻፈው ነበር።

ቡከር ዋሽንግተን በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ነፃነት ሲታወጅ ገና ልጅ ነበር፣ ከዚያም ጨው ማምረቻ ገባ፣ ከዚያም ከሰል ማውጫ ገባ፣ ከዚያም እንደ ምንም ተማረና በ1881 በአላባማ ታስኪጊ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው አቡክተው፣ ራሳቸው ተኩሰው፣ ግድግዳውን ራሳቸው አቆሙት። በግንቦት 1911 ይህ ሰው ቺካጎ መጣ፣ ሮዘንዋልድም ተቀበለው፣ አብረው ማዕድ ቆረሱ፣ ብዙም አወሩ፤ ጥቅምት ሲገባም ሮዘንዋልድ ቤተሰቡንና ወዳጆቹን አስከትሎ ወደ ታስኪጊ ባቡር ተሳፈረ።

በጥቅምት ቺካጎ ከሐይቁ በሚነሣው ነፋስ ኮት የሚያስደርብ ከተማ ነው። ባቡሩ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ግን አየሩ እየለዘበ ይሄዳል፣ የታጨደው የበቆሎ ማሳ ያልቅና ወንዙና ጫካው ይመጣል፣ ከዚያም አፈሩ ይቀላል፣ ከዚያም ጥጥ ይጀምራል፤ የጥቅምት ወር በአላባማ የለቀማ ወር ነውና፣ ማሳው እስከ አድማሱ ነጭ ነው፣ በነጩም ውስጥ ጀርባቸው ብቻ የሚታይ ጎንበስ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ከሰዎቹም መካከል በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የነበረባቸው ልጆች አሉ። ክፍሉስ የት አለና! የጥቁር ገበሬ ልጅ የሚማረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ካልሆነም ነፋስ በሚያሾልክ አሮጌ ጎጆ ነው፤ የትምህርት ዘመኑም ጥጡ እስኪደርስ ነው። አባቱ ብዙ ጊዜ በሰው መሬት የእኩል የሚያርስ ጢሰኛ ነው፣ ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ ይበላል፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲተሳሰቡም ዕዳው አላለቀም ይባላል።

ሮዘንዋልድ ታስኪጊን አይቶ ተመለሰ፣ በሚቀጥለውም ዓመት የትምህርት ቤቱ የቦርድ አባል ሆነ። በነሐሴ 1912 ደግሞ 50 ዓመት ሞላው። ሰው 50 ሲሞላው ስጦታ ይቀበላል፤ እሱ ግን መስጠቱን መረጠና ለብዙ ድርጅቶች ገንዘብ አከፋፈለ፣ ከዚያም ውስጥ 25,000 ዶላሩ ለታስኪጊ ደረሰ፤ ገንዘቡም የታስኪጊን አርአያ ተከትለው ለተቋቋሙ ሌሎች የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች እንዲውል ነበር። ቡከር ዋሽንግተን ገንዘቡን አደላደለና 2,800 ዶላር ያህል ተረፈ። ዛሬ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የተረፈ በጀት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ፤ ወይ ለጋሹ ሳያይ ቶሎ ይጠፋል ወይ ይመለሳል። ዋሽንግተን ግን ብዕሩን አነሣና፣ በዚህች ትራፊ በአላባማ ገጠር ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ብሠራበትስ ብሎ ጠየቀ። ሮዘንዋልድም እሺ አለ።

እሺ ሲል ግን አንድ ነገር ነበረበት፤ ነጋዴ ነውና። ገንዘቡ ብቻውን አይሄድም፣ የአካባቢው ሰው ድርሻውን ይጨምርበት አለ። ሌላም አሳብ አቀረበ፤ የሕንፃውን ዕቃ ከሲርስ ልላክላችሁ፣ የተቆረጠ እንጨት አለን አለ። ዋሽንግተን ይህን ሁለተኛውን በዘዴ መለሰለት። እንጨቱ ከዚያው ከአገሩ ይገዛ፣ አናጢውም የአገሩ ሰው ይሁን፣ ገበሬውም በእጁ ይሥራበት አለ። ለጋሹን ሳያስቀይም እንዲህ ብሎ መመለስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰጪው ካታሎጉን ዘርግቶ ሳለ ተቀባዩ ገንዘብህን እንጂ እንጨትህን አልፈልግም ማለቱ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሎቻፖካ በምትባል ትንሽ መንደር ተሠራና በ1913 ጸደይ ላይ አለቀ። ሒሳቡን ልዘርዝርላችሁ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛልና። ጠቅላላ ወጪው 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ሮዘንዋልድ 300 ሰጠ። በአካባቢው ያሉ ነጮች 360 ሰጡ። ጥቁሮቹ በጥሬ ገንዘብ 150 አዋጡ፣ በጉልበታቸው ደግሞ 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚገመት ሥራ ሠሩ። ስለዚህ የባለጠጋው ድርሻ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም። ትምህርት ቤቱ ግን በሱ ስም ይጠራል፤ የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት። ስሙን ያወጡለት ሌሎች ናቸው እንጂ እሱ ጻፉልኝ አላለም፤ ይህን ልመስክርለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። በ1914 ለመቶ ትምህርት ቤቶች የሚሆን 30,000 ዶላር ጨመረ፣ ከዚያም ሌላ ጨመረ፤ ዋሽንግተን በኅዳር 1915 ቢሞትም ሥራው አልቆመም። በ1917 ሮዘንዋልድ ፈንድ የሚባል ድርጅት በሕግ ተቋቋመ፣ በ1920ም የሥራው ጽሕፈት ቤት ከታስኪጊ ወደ ናሽቪል ተዛወረ።

አሁን ወደ መዋጮው ልውሰዳችሁ፣ የወሬው ልብ ያለው እዚያ ነውና። የትምህርት ቤቶቹ ግንባታ ወኪል ይመጣል፤ በፈረስ ጋሪ ይመጣል፣ መንገዱ ጭቃ ከሆነ በእግሩ ይመጣል፣ ምእመኑም ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። ይህን ያህል ካዋጣችሁ ይህን ያህል ይጨመርላችኋል ይላል። ከዚያ የየሰዉ እጅ ወደየኪሱ ይገባል፣ የሌለውም ቃል ይገባል። ሴቶቹ ዶሮ ጠብሰው፣ ኬክ ጋግረው፣ በሣጥን አሳምረው ያመጡና ለጨረታ ያቀርቡታል፣ ወንዶቹም ዋጋ ይጨማመሩበታል፤ በእኛ ደብር ቅጥር ግቢ ለሕንፃ ማሠሪያ አንድ ዳቦ በስንት ሺህ ብር ሲሸጥ ያያችሁ ሁሉ ሳቁንና ጭብጨባውን መገመት ትችላላችሁ። አንዳንዱ ገበሬ ደግሞ ከሚያርሳት መሬት ላይ አንዲት ክልል ይለያል፣ በዚያች ላይ የበቀለው ጥጥ ለትምህርት ቤቱ ነው ይላል፣ ሰዉም የሮዘንዋልድ መሬት እያለ ይጠራታል፤ በሌሊት ተነሥቶ ይኮተኩታታል፣ የራሱን ሲጨርስም ይለቅማታል።

አላባማ ውስጥ በአንዱ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የባርነትን ዘመን ያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ከኪሳቸው ቅባት የጠጣ አሮጌ ከረጢት ቀስ ብለው አወጡ፣ ወደ ጠረጴዛውም ተጠጉ፣ ከዚያም አፉን ፈትተው ገለበጡት። አምስት ሳንቲም አለ፣ አንድ ሳንቲም አለ፣ አሥር ሳንቲም አለ፣ ዶላርም አለ፤ ተቆልሎ ጠረጴዛውን ሞላው። ሲቆጠር 38 ዶላር ሆነ። የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው ነበር። የልጅ ልጆቼ ልጆች ዕድል እንዲያገኙ ያለኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ አሉ። በቦታው የነበረው ወኪል ያየውን ጽፎ አስተላለፈ፤ እኛም የሰማነው በዚያ ነው። የሽማግሌውን ስም ግን አልጻፈልንም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እኔም ያቀርርብኛል። ግን እንባው ሒሳቡን እንዳይሸፍንብን። እኚህ ሰው ግብር ከፋይ ነበሩ፤ ግብሩ በቀጥታ ባይከፈል እንኳ በኪራዩና በሚገዙት ዕቃ ውስጥ ይከፈላል። ከዚያ ግብር የነጩ ልጅ የጡብ ትምህርት ቤት ተሠርቶለታል፣ የሳቸው የልጅ ልጅ ግን ድርሻውን አላገኘም። ስለዚህ 38 ዶላሩ ሁለተኛ ክፍያ ነው፤ አንድ ጊዜ በግዴታ ከፍለው የተነጠቁትን በፈቃዳቸው እንደ ገና ከፈሉት። እናንተም ጨምሩበት የሚለው ቃል ከባለጠጋ አፍ ሲወጣ ያምራል፤ የተቀባዩ ኪስ ከፊቱ መበርበሩን የሚያውቅ ሰው ግን ቃሉን ሲሰማ ትንሽ ይጎረብጠዋል። ዛሬም ፕሮፖዛል የምትጽፉ ልጆቼ፣ የማኅበረሰቡ መዋጮ ስንት በመቶ ነው የሚለውን ሣጥን ስትሞሉ እኚህን ሽማግሌ አስቧቸው።

ሌላውን ወገን ካልነገርኳችሁ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። ጨምሩበት የተባለው ለገበሬው ብቻ አልነበረም፣ ለመንግሥትም ጭምር ነው። ፈንዱ ገንዘቡን የሚለቀው መሬቱና ሕንፃው ለአካባቢው የትምህርት ባለሥልጣን በስሙ ከተዛወረ፣ ባለሥልጣኑም የሕዝብ ትምህርት ቤት አድርጎ ሊያስተዳድረው ከተስማማ ነው። ለጥቁር ልጅ መዝገቡን ገልጦ የማያውቅ የነጮች ቢሮ፣ ከቺካጎ የሚመጣ ቼክ እንዳያመልጠው ሲል እጁን ወደ ካዝናው ይሰዳል። በ1932 ሒሳቡ ሲዘጋ በ15 ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶች፣ 217 የመምህራን መኖሪያዎችና 163 የእጅ ሥራ ክፍሎች ተሠርተው ነበር፤ የወጣውም ገንዘብ 28.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ የፈንዱ ወደ 4.4 ሚሊዮን፣ የነጭ ለጋሾች 1.2 ሚሊዮን፣ የመንግሥት ከ18 ሚሊዮን በላይ፣ የጥቁሮቹ መዋጮ ደግሞ 4.7 ሚሊዮን። ልብ አላችሁ? ጢሰኛው በአምስትና በአሥር ሳንቲም ባለጠጋውን በልጦታል።

ሕንፃዎቹንም በቅርብ ላሳያችሁ። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ያወጡት የታስኪጊ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ሮበርት ቴይለር ከኤምአይቲ ለመመረቅ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ያን ጊዜ ገጠሩ መብራት የለውም፣ ስለዚህ ንድፉ ሁሉ ፀሐይን የሚያሳድድ ነበር። ረጃጅም መስኮቶች ተደርድረው፣ አንዱ ከአንዱ ተጠጋግቶ፣ ቤቱም ብርሃን ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ እንዲገባ ተደርጎ ይተከላል። ወንበሮቹ ደግሞ ብርሃኑ ከልጁ ግራ በኩል እንዲመጣ ይደረደራሉ። ለምን ቢባል፣ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የገዛ እጁ ጥላ ደብተሩ ላይ እንዳያርፍበት ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚታጠፍ ግድግዳ ይኖራል፤ ማታ ማታ ይታጠፍና ወላጆች ይሰበሰቡበታል፣ ይማከሩበታል፣ ለሚቀጥለውም መዋጮ ይከራከሩበታል።

ሮዘንዋልድ አንድ ያልተለመደ ነገር ደግሞ ነበረው። ባለጠጋ ፋውንዴሽን ሲያቋቁም ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ወለዱ ብቻ እየተበላ፣ ስሙ ለዘላለም እንዲጠራ ነው የሚሻው። እሱ ግን በ1928 ፈንዱን እንደ አዲስ ሲያደራጅ፣ እኔ ከሞትኩ በ25 ዓመት ውስጥ ወለዱም ዋናውም ተጠቅልሎ ይውጣ ብሎ ደነገገ። በሚቀጥለው ዓመትም ይህንኑ በመጽሔት ጽፎ ተከራከረ፤ የሚመጣው ትውልድ ለዘመኑ ችግር የራሱን ሰጪዎች ያገኛል የሚል እምነት ነበረው። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተናደ። የፈንዱ ሀብት በአብዛኛው የሲርስ አክሲዮን ነበርና እሱም አብሮ ወደቀ። ጥር 1932 ሮዘንዋልድ አረፈ፣ የትምህርት ቤቶቹም ግንባታ በዚያው ዓመት ቆመ። አንድ ብቻ ኋላ ተጨመረ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ስለ ጠየቁ፣ በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ በባለቤታቸው በኤሊኖር ስም የተጠራ ትምህርት ቤት በ1937 ተመረቀ።

የቀረውን ገንዘብ ፈንዱ ለብዙ ነገር፣ ከዚያም ውስጥ ተስፋ ለሚታይባቸው ወጣቶች አዋለው፤ ደራሲው ላንግስተን ሂዩዝ፣ ሠዓሊው ጄኮብ ሎረንስ፣ ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ራልፍ በንች፣ ያን ጊዜ ገና ማንም ያላወቀው ጄምስ ቦልድዊን ሁሉ ከዚያ ቀምሰዋል። በ1948 ሣጥኑ ተራገፈና በሩ ተዘጋ፤ ሰጪው ከሞተ ገና በ16 ዓመቱ። የሚመጣው ትውልድ የራሱን ሰጪ ያገኛል ማለት ድፍረት ነው፣ አይደል? እኔ ግማሽ ልቤ ትክክል ነበር ይላል፣ ግማሽ ልቤ ደግሞ የሲርስ አክሲዮን እስኪያገግም ቢጠብቅ ምን ነበረበት ይላል።

ውጤቱስ? ከብዙ ዘመን በኋላ የቺካጎ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የሕዝብ ቆጠራውን መዝገብ አገላብጠው በ2011 ጥናት አወጡ። በነዚያ ዓመታት በደቡብ ገጠር በጥቁርና በነጭ ልጆች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት እየጠበበ መጥቷል፤ ለመጥበቡም እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው ብለው ደመደሙ። የቁጥር ሰው ላልሆነ ደግሞ ጆን ሉዊስን ልጥቀስለት። አላባማ ፓይክ አውራጃ ውስጥ የጢሰኛ ልጅ ሆኖ በሁለት ክፍል የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ ከፍ ሲልም በለቀማ ቀን ወላጆቹ ማሳ እንዳያውሉት በረንዳ ሥር ተደብቆ ይቆይና አውቶቡሱ ሲመጣ ሮጦ ይሳፈር ነበር። ያ ልጅ አድጎ ለጥቁሮች መብት ሲሰለፍ በሴልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱ የተፈነከተው፣ ኋላም በአሜሪካ ምክር ቤት ከ30 ዓመት በላይ የተቀመጠው ጆን ሉዊስ ነው።

በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። መልካም ፍርድ ነው። ልጆቹ ቀስ በቀስ ወደ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ሲዛወሩ ግን እነዚህ ትንንሾቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ አንዳንዱ የድርቆሽ ማከማቻ ሆነ፣ አንዳንዱ ጣሪያው ወደቀ፣ ብዙው ፈረሰ። በ2002 የአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ማኅበር ለጥፋት ከተጋለጡት ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈራቸው፣ በጥር 2021 ደግሞ ለሮዘንዋልድና ለትምህርት ቤቶቹ ብሔራዊ ፓርክ እንዲጠናላቸው የሚያዝ ሕግ ተፈረመ።

ከዚያ በፊት ግን የቀድሞ ተማሪዎች ፓርክ እስኪመጣ አልጠበቁም። ሕንፃው በሕግ የመንግሥት ነው ብያችሁ የለም? በየቦታው የትምህርት ቢሮው ለሽያጭ ሲያወጣው፣ አያቶቻቸው መሬቱን የሰጡ፣ ጥጡን የለቀሙ፣ ሚስማሩን የመቱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያናቸው ወይም በማኅበራቸው ስም መልሰው የገዙት ቤት አለ። በግብር አንድ፣ በመዋጮ ሁለት፣ በግዢ ሦስት። ከገዙትም በኋላ ጣሪያ ያስፈልጋል፣ መስኮት ያስፈልጋል፤ እናም ለፋውንዴሽኖች የእርዳታ ማመልከቻ ጻፉ፣ ከመልሱም ውስጥ ይህን ያህል ካዋጣችሁ ይህን ያህል እንጨምራለን የሚል ነበረበት፤ እነሱም ዶሮ ጠብሰው፣ ኬክ ጋግረው ተሰበሰቡ።